ልዩነቱን አስቀድሞ መናገር፦ የኋለኛው ቀን ቅዱሳንን እምነት ለወሎ ጎረቤት ስለ ማስረዳት

እንደምን ዋላችሁ። ስለ መጣችሁ እግዜርም አላህም ይስጥልን።

ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ ሰው «ሞርሞን» እያለ ስለሚጠራው እምነት ነው። ተከታዮቹ ራሳቸውን የሚጠሩት የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን አባላት ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወቅቱ ፕሬዚዳንት ራስል ኔልሰን ሙሉው ስም እንዲነገር፣ ቅጽል ስሙ እንዲቀር አጥብቀው አሳስበዋል። ጎረቤታችሁ «ሞርሞን ሆንክ አሉ?» ቢላችሁ ግን ለእርማት አትቸኩሉ። መጀመሪያ «አዎ» በሉ፤ ስሙ ኋላ ይደረስበታል።

ንግግሬ በተለይ የሚመለከተው አንድ ዓይነት ሰው ነው፦ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሄዶ፣ በዚህ እምነት ተጠምቆ፣ ለዓመት በዓል ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ሐይቅ የሚመለሰውን። ጎረቤቱም ቢሰማው አይከፋም፤ የሚጠይቀውን ያውቃል።

የምመክረው አንድ ነገር ነው። «እኛም እኮ እንደ እናንተው ነን» ብላችሁ አትጀምሩ። ልዩነቱን አስቀድሙ፤ መመሳሰሉን ጎረቤቱ ራሱ ያገኘዋል። ወሎ ልዩነት አያስደነግጠውም። አጎቱ ሼህ፣ አክስቱ መነኩሴ የሆኑበት ቤት ብርቅ አይደለም፤ ጌታቸው መሐመድ ተብሎ የሚጠራ ዲያቆን ብታገኙም አትደነቁ። ወሎዬን የሚያስቀይመው ሌላ ነው፦ ዛሬ «አንድ ነን» ተብሎ ነገ ያልተነገረውን ከሌላ ሰው ሲሰማ። ያን ጊዜ ስለ እምነቱ የነበረው ጥያቄ ስለ እናንተ ሐቀኝነት ይሆናል።

ክርክርም አይበጅም። ቦሩ ሜዳ ከደሴ አፍንጫ ሥር ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ባደረጉት ጉባኤ ተዋሕዶና ሦስት ልደት በሚባሉት የኦርቶዶክስ ወገኖች መካከል የነበረው ክርክር በንጉሥ ፊት ተዘጋ፤ የወሎ ሙስሊም መኳንንትም እንዲጠመቁ ተገደዱ። ኢማም መሐመድ አሊ፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት፣ የተጠመቁት ያኔ ነው። በዚህ አገር የሃይማኖት ሙግት አሸናፊና ተሸናፊ ያለው ነገር ሆኖ በአያት በቅድመ አያት ይታወሳል። ስለዚህ ልታሸንፉ የተነሳችሁ የመሰለ ማንኛውም አነጋገር ገና ሳይሰማ ይዘጋል።

መግቢያው አጭር ይሁን፤ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የእምነቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1805 በአሜሪካ ቨርሞንት ተወለደ። በ1820፣ በ14 ዓመቱ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ጫካ ገብቶ ሲጸልይ አብንና ወልድን አየሁ አለ። ከዚያም ሞሮኒ የተባለ መልአክ ያመለከተውን፣ በወርቅ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ መዝገብ በእግዚአብሔር ኃይል ተረጎምኩ ብሎ በ1830 በፓልማይራ ከተማ 5,000 ቅጂ አሳተመ፤ መጽሐፈ ሞርሞን ይህ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 6 ቤተክርስቲያኑ ተመሠረተ። በ1844 ኢሊኖይ ውስጥ ካርቴጅ በሚባል ቦታ እስር ቤት ሳለ መንጋ ሰብሮ ገብቶ ገደለው። በ1847 ብሪገም ያንግ ተከታዮቹን ወደ ዩታ መርቶ አስገባ። በቃ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዩታ ውበት፣ ከመዘምራኑና ከቤተሰብ ፍቅር ሲጀምሩ ነው። ሰሚው ማስታወቂያ የሰማ ይመስለዋል።

ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «ሰሌዳው የታለ?» ነው። መልሱ፦ ለመልአኩ መልሼዋለሁ ብሏል። አየን ብለው የፈረሙ 11 ሰዎች አሉ፤ መጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 8። ቃላቸው በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ታትሟል። ሦስቱ ኋላ ከጆሴፍ ጋር ተጣልተው ከቤተክርስቲያኑ ወጥተው እንደነበር፣ ሁለቱ እንደተመለሱ፣ ዴቪድ ዊትመር ግን እንዳልተመለሰ፣ አንዳቸውም ምስክርነታቸውን እንዳልካዱ አብራችሁ ተናገሩ። ከእምነቱ ውጭ ያሉ የጥንት አሜሪካ አጥኚዎች መጽሐፉን እንደ ታሪክ እንደማይቀበሉትም አትደብቁ። አማኙ የሚያምነው በቁፋሮ ማስረጃ አይደለም። በመጽሐፈ ሞርሞን ውስጥ ያለው ሞሮኒ ምዕራፍ 10 ከቁጥር 3 እስከ 5 እንደሚለው አንብቦ፣ አሰላስሎ፣ እግዚአብሔርን በቅን ልብ በመጠየቅ ነው።

አሁን ዋናው ጉድጓድ። የኦርቶዶክስ ምእመን ከልጅነቱ የተማረው ሥላሴ በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት፤ በባሕርይ፣ በህልውና፣ በመለኮት አንድ መሆናቸውን ነው። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን አማኝ «አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ሦስት አካላት ናቸው» ሲል ጎረቤቱ በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል፤ ልክ ነውና። ችግሩ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። በዚህ እምነት ሦስቱ የተለያዩ፣ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ አንድነታቸው የዓላማና የፈቃድ ነው፣ የባሕርይ አይደለም። አብም የሥጋና የአጥንት አካል አለው፤ ትምህርትና ቃልኪዳኖች የተባለው ሌላው ቅዱስ መጽሐፋቸው ክፍል 130 ቁጥር 22 ላይ በግልጽ ይለዋል። ይህን ሳይናገሩ በመጀመሪያው የራስ ንቅናቄ ተደስቶ ማለፍ ጎረቤትን ማሳሳት ነው። እዚያው በሉት፦ «በአካል ሦስት እንላለን፤ በባሕርይ አንድ ግን አንልም። እዚህ ላይ እንለያያለን።»

ለሙስሊሙ ጎረቤት ነገሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ለእሱ አምላክ አካል አለው ማለትም፣ ልጅ አለው ማለትም ከተውሒድ፣ ከአምላክ ፍጹም አንድነት፣ ጋር አይሄድም። ከነቢዩ ሙሐመድ በኋላ ነቢይ መጣ የሚለውማ ጭራሽ። አንዳንድ አማኝ ሊያቀራርብ ብሎ «የእናንተም ነቢይ መልአክ ተገለጠለት፣ የእኛም እንዲሁ» ይላል። ይህን ንጽጽር ተዉት። እናንተ ድልድይ ያደረጋችሁት መስሏችሁ ይሆናል፤ እሱ የሚሰማው ግን ነቢዩን ከአንድ ፈረንጅ ጋር ማስተካከላችሁን ነው።

ሦስተኛው ከባድ ነገር የሥልጣን ጉዳይ ነው። እምነቱ ከሐዋርያት ሞት በኋላ የክህነት ሥልጣን ከምድር ጠፍቶ ነበር፣ በ1829 በመጥምቁ ዮሐንስ፣ ቀጥሎም በጴጥሮስ፣ በያዕቆብና በዮሐንስ እጅ ለጆሴፍ ስሚዝ ተመለሰ ይላል። ይህ በሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ላደገ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አባ ኢየሱስ ሞአ መነኮሳትን ያስተማሩበት ገዳም፣ የላሊበላ ካህናት፣ ግሸን ማርያም በመስከረም 21 የሚቀድሱት ሁሉ ሥልጣን የላቸውም ማለት ነው። ለስለስ ያለ አባባል ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ የለውም። የሚቻለው ጨዋነት ነው። የአባቶችን ቅድስናና ድካም ሳያራክሱ፣ ሥልጣንን በተመለከተ ግን እምነቱ እንዲህ ይላል ብሎ መጨረስ።

መጽሐፉን ከማዋሳችሁ በፊት ሦስት ቦታዎችን ራሳችሁ አንብባችሁ ጠብቁ። አንደኛው ሞሮኒ ምዕራፍ 8 ነው፤ ሕፃናትን ማጥመቅ በእግዚአብሔር ፊት እንደ ማላገጥ ይቆጥረዋል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን በሚጠመቁበት አገር ይህን ገጽ እናት ብታነበው ምን እንደሚሰማት ልነግራችሁ አያሻም። በዚህ እምነት ልጅ የሚጠመቀው 8 ዓመት ሲሞላው፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ከሌላ ቤተክርስቲያን የመጣም እንደገና ይጠመቃል። ሁለተኛው ታላቅ ዋጋ ዕንቁ በተባለው ሌላ ቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ ያለው የጆሴፍ ስሚዝ ታሪክ ቁጥር 19 ነው፤ የነበሩት የሃይማኖት መግለጫዎች በጌታ ፊት አስጸያፊ እንደሆኑ ይናገራል። ሦስተኛው እዚያው መጽሐፈ ሞርሞን ውስጥ 1 ኔፊ ምዕራፍ 14 ቁጥር 10፣ «ሁለት ቤተክርስቲያኖች ብቻ» የሚለው። ጎረቤታችሁ እነዚህን ብቻውን ካገኛቸው ደበቁኝ ይላል፤ እናንተ ካሳያችሁት ቢያንስ አብራችሁ ትወያዩበታላችሁ። ለጀማሪ 3 ኔፊ ምዕራፍ 11ን ጠቁሙ። ከመጀመሪያው ገጽ ቀጥል ያላችሁት ሰው 2 ኔፊ ላይ ከምዕራፍ 12 እስከ 24 ከኢሳይያስ የተጠቀሰው ጋ ሲደርስ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል።

ስለ ሄኖክም አንድ ቃል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ነው፤ በታላቅ ዋጋ ዕንቁ ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሙሴም ስለ ሄኖክ ሰፊ ታሪክ አለው። ይህን አግኝቶ «ይኸው ማስረጃ!» የሚል ወጣት አይጠፋም። ጠንቃቃ ደብተራ ግን የሄኖክ የእንግሊዝኛ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1821 ታትሞ እንደነበር፣ የጆሴፍ ጽሑፍ ደግሞ የ1830 መሆኑን ያውቃል። እንደ ወግ ይነሳ፤ እንደ ማስረጃ አይመዘዝ።

አሁን ወደ ቡናው። ወሎ ላይ ከሥላሴም ከሰሌዳውም በፊት የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሕጉ የጥበብ ቃል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1833 ኦሃዮ ውስጥ ከርትላንድ የተሰጠ፣ ትምህርትና ቃልኪዳኖች ክፍል 89። አልኮል፣ ትምባሆና «ትኩስ መጠጦች» ይከለክላል፤ የኋለኛው ቡናና ሻይ ማለት ነው ተብሎ ተወስኗል። መጀመሪያ እንደ ምክር ተሰጥቶ ኋላ ለጥምቀትም ወደ ቤተመቅደስ ለመግባትም ግዴታ ሆነ። በረዶ የገባበት ቡናም ቡና ነው፤ አረንጓዴ ሻይም ሻይ ነው። ያለ ሻይ ቅጠል የፈላ ዝንጅብል ወይም ቀረፋ አይከለከልም።

እንግዲህ እትዬ ቡና ሊያፈሉ ተቀምጠዋል፤ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። የምትናገሩት መቼ ነው? ቡናው ሲታጠብ ነው፣ ግፋ ቢል ሲቆላ። ሲኒው ረከቦት ላይ የሚደረደረው በሰው ልክ ነው፤ ተቀድቶ የቀረበ ሲኒ መመለስ ደግሞ ባለቤቲቱን መመለስ ነው። «እትዬ፣ በእምነቴ ቡና አልጠጣም፤ አብሬዎት ግን እቀመጣለሁ» በሏቸው። ከዚያ በእውነት ተቀመጡ። ቡና ቁርሱን ብሉ፤ ንፍሮም ቢሆን ቆሎም ቢሆን። አቦል ላይ ተነስቶ መሄድ ነውር ነው፤ ቶናውም በረካውም ይለቅ። ምርቃቱ ሲመጣ እጃችሁን ዘርግታችሁ አሚን በሉ፤ ለዚያ የሚከለክል ሕግ የለም።

ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው «ጨጓራዬን አሞኝ ነው» ማለት ነው። ወሎዬ ይህን ሰምቶ ዝም አይልም፤ ነገ ተልባ ተበጥብጦ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ጨጓራ የሚያድን ጠበል ይጠቆማል፣ በሦስተኛው ሳምንት ውሸቱ ይወጣል። ሁለተኛው «ካፌይን ስላለው ነው» የሚለው ነው። ክፍል 89 ስለ ካፌይን አንድም ቃል የለውም፤ «ለሰውነት ወይም ለሆድ አይደሉም» ከማለት ያለፈ ምክንያት አይሰጥም። ለስላሳ መጠጥም አልተከለከለም። እናም ካፌይን ባላችሁ ማግስት ኮካ ስትጠጡ ያያችሁ ልጅ ይጠይቃችኋል፤ መልስ የላችሁም። «ትእዛዝ ነው፣ እጠብቀዋለሁ» የሚለው ለጾመኛ አገር ከበቂ በላይ ግልጽ ነው።

ጠላና አረቄ ቀላል ናቸው፤ የሙስሊሙ ጎረቤት ቀሪቦ ወይም ብርዝ ያተርፋችኋል። ጫት በክፍል 89 በስም የለም፤ ሱስ ከሚያስይዝና ከሚጎዳ ነገር ሁሉ መራቅ ግን የሕጉ መንፈስ ነው። የዱዓው ማዕድ ላይ ብትገኙ ዱዓውን መስማት ትችላላችሁ፣ ቅጠሉን ማሳለፍ ትችላላችሁ።

ሥጋው ግን ቡና ያህል ይወራበታል። በወሎ ሰርግ ሁለት ከብት ይታረዳል፣ ሁለት ድንኳን ይጣላል፤ አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ። በዚህ እምነት ስለ አራጅ የተነገረ ክልከላ የለም፤ ከሁለቱም መብላት ይፈቀዳል። ይሁንና በአገሩ ዓይን የየትኛውን ሥጋ እንደበላችሁ ማለት የማን ወገን እንደሆናችሁ ማለት ነው። ከክርስቲያን ቤት ወጥታችሁ ከእስላም ድንኳን ብትበሉ «ሰለመ» ይባላል፤ እናታችሁ በገበያ ትሰማዋለች። የጾም ምግብ ይዞ ከሁለቱም ጋር መቀመጥ ብልህነት ነው። ይህን የምለው ከሥርዓቱ ተነስቼ አይደለም፤ ከእናታችሁ ተነስቼ ነው።

ጾም ላይ ጎረቤቱ በእርግጥ ያደንቃችኋል፣ በእርግጥም ይስቅባችኋል። የእምነቱ ጾም በወር አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው እሑድ ነው፤ በተከታታይ ሁለት ምግብ፣ ወደ 24 ሰዓት፣ ያለ እህልና ያለ ውሃ። ያልተበላው ምግብ ዋጋ፣ ከዚያም በላይ የሚችል፣ ለድሃ ይሰጣል። ሁዳዴን 55 ቀን ለሚጾምና ረመዳንን ሙሉ ወር ለሚይዝ ሰው ይህን በኩራት አታቅርቡት። ደግሞም እሑድ ጾም ማለት ለኦርቶዶክሱ ግር ይለዋል፤ በእሱ ሥርዓት ሰንበት ከእህልና ከውሃ አይከለከልም። እሱ ሳይጠይቅ ንገሩት።

በዚሁ ጾም የተነሳ አንድ ታሪክ ከዚህ አገር ጋር ይያያዛል። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ኮረም ገና በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ሳለ፣ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት ለኢትዮጵያ የተለየ ጾም ጾሙ፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ራስል ባላርድና ግሌን ፔስ የተባሉ መሪዎች ወደ አገራችን መጥተው ሁኔታውን አዩ። የቤተክርስቲያኑ የእርዳታ ሥራ በዛሬው መልኩ የተደራጀው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ታሪክ ጠይቀዋችሁ ከሆነ ንገሩ፤ ሳትጠየቁ አታውሩት። «በስንዴ ሃይማኖቱን ለወጠ» የሚለው ስድብ ወሎ ውስጥ ገና አልሞተም፤ በዚያ ዘመን ልጁን የቀበረ ሰው ደግሞ እህሉን ማን እንደላከ ስትቆጥሩለት መስማት የለበትም።

አሥራቱ ቶሎ ያልፋል፦ ከገቢ ከመቶ 10። ዘካን ለሚያውቅም አሥራትን ለሚያውቅም ማብራሪያ አይፈልግም። የአጥቢያ መሪዎች ደመወዝ አይከፈላቸውም ስትሉ ግን «ታዲያ በምን ይኖራሉ?» ይባላል፤ በየሥራቸው፣ አስተማሪም ሆነ ነጋዴ።

ወደ ጥምቀት የሚያዘነብል ሰው ቢገኝ የሚያግዙ ሁለት ደንቦች አሉ፣ ቤተሰብ ሲቆጣ ብዙ አባል ራሱ አያነሳቸውም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈቃድ አይጠመቅም። ያገባ ሰውም የትዳር ጓደኛው ካልተስማማ አይጠመቅም። «ልጃችንን ሰረቁብን» የሚል አባት ፊት ይህን አስቀድሞ የተናገረ ሰው ግማሹን ቁጣ አብርዶታል።

ሁለት ጥያቄዎች ደግሞ ከየትም ይመጣሉ፤ ዝግጁ ሁኑ። ጥቁሮችስ? እ.ኤ.አ. ከ1852 ጀምሮ የአፍሪካ ዘር ያላቸው ወንዶች ክህነት አይሰጣቸውም ነበር፤ የቤተመቅደስ ሥርዓትም ለወንዱም ለሴቷም ተከልክሎ ነበር። ይህ የተነሳው ጁን 1978 በፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምቦል ጊዜ ነው። ቤተክርስቲያኑ ቀድሞ ለክልከላው ይሰጡ የነበሩትን የዘር ማብራሪያዎች ዛሬ አይቀበላቸውም። ኢትዮጵያዊ አባል ይህን በስልኩ ከማንበቡ በፊት ከእናንተ ይስማው። ብዙ ሚስትስ? ከጆሴፍ ስሚዝ ዘመን ጀምሮ ነበረ፤ በ1890 ፕሬዚዳንት ዊልፎርድ ውድረፍ ማስቆሙን አወጁ፣ በ1904 ጠበቅ ተደረገ፤ ዛሬ ሁለተኛ ያገባ ከአባልነት ይወጣል። እዚህ ሙስሊሙ ጎረቤት ፈገግ ይላል። ፈገግ ይበል።

ስለ ሙታን የሚደረገው ሥርዓት ግን ወሎ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አባላት የዘር ሐረጋቸውን ቆጥረው፣ ያለዚህ ጥምቀት የሞቱ ዘመዶቻቸውን በመተካት በቤተመቅደስ ውስጥ ይጠመቁላቸዋል፤ 1 ቆሮንቶስ 15፥29ን ይጠቅሳሉ። ሟቹ በዚያኛው ዓለም ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል ይላሉ። ሰባት ቤት መቁጠር የሚችል ሰው በሞላበት አገር ይህ ሥራ በደስታ ይጀመራል፤ ከሦስተኛው አያት ላይ ሼህ ሲገኝ ግን ይቆማል፣ ይቁምም። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የራስ ዘመድ ብቻ፤ ሰውዬው ከተወለደ 110 ዓመት ካልሞላው ደግሞ ከቅርብ ቤተሰቡ፣ ማለት ከትዳር ጓደኛ፣ ከልጅ፣ ከወላጅ ወይም ከወንድምና እህት የአንዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከደንቡ ባሻገር፣ የሙስሊም አያትን ስም ያለ ዘመድ ምክር የሚያስገባ ሰው ቤተሰብ ያጣላል።

የዘመን አቆጣጠሩ ሌላ ወጥመድ ነው። ሽማግሌ «በሰገሌ ዓመት ተወለደ» ይሏችኋል። ሰገሌ ጥቅምት 1909 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ 1916 ወይም 1917። 1909ን እንዳለ ከመዘገባችሁት ሰውዬውን በ7 ወይም 8 ዓመት አስረጃችሁት ማለት ነው፤ 110 ሳይሞላው ሞላ ይልላችኋል፣ ፈቃድም ሳትጠይቁ ታልፋላችሁ። የአባት ስምንም እንደ ቤተሰብ ስም አታስገቡ፤ ወንድማማቾች ከአንድ አባት ሆነው አባትየው የክርስትና ስምና የዓለም ስም ስላለው ብቻ ሁለት ቤተሰብ ሆነው ይመዘገባሉ።

በመጨረሻ ብዙ ሰው አፍሮ የማይጠይቀው፦ ስሞት የት እቀበራለሁ? እምነቱ መቃብርን በተመለከተ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። መቅበር ወይም ማቃጠል ለቤተሰቡ ውሳኔ የተተወ ነው፤ ክህነት ያለው ሰው በቦታው አጭር ጸሎት አድርጎ መቃብሩን ይባርካል፤ ሥርዓቱ ቤት ውስጥም ሊደረግ ይችላል። ችግሩ ቦታው ነው። የአጥቢያው ቤተክርስቲያን ግቢ የራሱን ምእመን ይቀብራል፣ የሙስሊሙ መካነ መቃብርም የራሱን። ቅሬው፣ ማለት የሰፈሩ እድር፣ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሬሳ ይሸከማል፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ያስተዛዝናል፤ የመቃብር ቦታ ግን አይሰጥም። ስለዚህ በደህናው ቀን የቅሬውን ዳኛ ቀርባችሁ ሃይማኖታችሁን በግልጽ ንገሩ፤ የማዘጋጃ ቤት መቃብር ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፤ ጸሎቱን ማን እንደሚያደርስና ከየት እንደሚመጣ ለቤተሰባችሁ በጽሑፍ ተዉላቸው። ቀብሩ በማግስቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰውዬው ሌሊቱን መነሳት አለበት።